«ልጄ፣ ይሄ ነገር አይቆምም እንዴ?»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፎችዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉዳዬ ለሰው ሲያወሩት ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ከእናቴ ጋር አኳርፎኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቅጡ አልተነጋገርንም።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። መምህርት ነኝ፤ 36 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ሥራው መተማ ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ቤት ውስጥ እኔ፣ ሁለት ልጆቼና እናቴ ነን። እናቴ ሰባ ሊሞላት ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው።

እናቴ ድራማ ትወዳለች፤ በተለይ በአማርኛ የተተረጎሙትን። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን አንዲት ጎረቤታችን፣ እኛ «እታባ» ነው የምንላቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። እናቴ ቡናውን አቀራርባ ትጠብቃቸዋለች። ችግሩ ማስታወቂያው ነበር። ድራማው ገና ሞቅ ሲል ይቋረጣል። ሳሙና፣ ዘይት፣ ባንክ፣ ቤት ሽያጭ፣ እንደገና ሳሙና። ድምፁ ከድራማው ይበልጣል፤ የተኛ ልጅ ይቀሰቅሳል። ልጆቼ የማስታወቂያውን ዘፈን በቃላቸው ይዘው «ግዢልን» እያሉ ያስቸግሩኛል። እኔ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስጮህ ውዬ ነው የምገባው። በማስታወቂያ ሰዓት ስልኬን ከመነካካት በቀር የማደርገው የለኝም። እነሱ ግን ያወራሉ። አንዴ እንዲያውም ድራማው ላይ ሠርግ ታይቶ ማስታወቂያ ሲገባ፣ እናቴ እሷ ስትዳር ከዳባት ገጠር እስከ አማቾቿ ቤት በበቅሎ ላይ ሆና እያለቀሰች እንደሄደች ለእታባ ስትነግራቸው ሰማሁ።

መስከረም ላይ እቁብ ደረሰኝ። ትልቅ ስማርት ቴሌቪዥን ገዛሁላት። ኢንተርኔትም አስገባሁ። አሁን ድራማውን አንዳንዴ ከኢንተርኔት እከፍትላታለሁ፣ አንዳንዴ በፍላሽ አስጭኜ እመጣለሁ። ማስታወቂያ የለ፣ መጠበቅ የለ። ከሥራ እንደገባሁ ሦስት አራት ክፍል በተከታታይ እናያለን።

መጀመሪያ ደስ አላት፤ መረቀችኝ። ከሳምንት በኋላ ግን ተለወጠች። ሁለተኛው ክፍል ላይ ታንቀላፋለች። «ይቺ ማናት? ያ ሰውዬ መቼ ሞተ?» ትላለች። እታባ ሁለት ቀን መጥተው ድራማው አልቆ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጡም። አንድ ማታ እናቴ ድንገት ዞራ «ልጄ፣ ይሄ ነገር አይቆምም እንዴ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «ለማን ብዬ ነው ብሬን ያፈሰስኩት? የድሮው ይሻልሻል ማለት ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ምንም ሳትመልስ ተነሥታ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራቷን በልታ በጊዜ ትተኛለች።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «እርጅና ነው፣ መርሳት ጀምራ ይሆናል፣ ተያት» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «የድሮውን ዲሽ መልሺላትና ተገላገይ» ትለኛለች። እኔ ግን ሆዴ ብሶታል። ውለታዬ ነው የተናቀው ወይስ ያላየሁት ነገር አለ?

ሆድ የባሳት፣ ከጎንደር ማራኪ

———

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ ስለ እቁቡ ልናገር። እቁብ ሲደርስ ሰው ስንት ሐሳብ አለው። የልጆች ልብስ አለ፣ የቤቱ ጎዶሎ አለ፣ ለራስ የሚባል ነገርም አለ። አንቺ ያን ሁሉ ትተሽ እናትሽ ማታ ማታ የምታየውን አሰብሽ። እንዲህ ያደረገ ሰው ትንሽ ምስጋና ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ምስጋናው ቀርቶ «አይቆምም እንዴ?» ሲመጣ ሆድ ይብሳል። የኔም ይብሰው ነበር።

ግን እስቲ ያቺን የእናትሽን ቃል መለስ ብለን እንያት። «አይጥመኝም» አላለችም። «የድሮው ይሻልሻል» የሚለውም ያንቺ እንጂ የእሷ ቃል አይደለም። እሷ ያለችው «አይቆምም እንዴ?» ነው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ የቆምኩት እዚህች ላይ ነው። እናትሽ በዘወርዋራ የተናገረችሽ አይመስለኝም። እንዲቆም ፈልጋ ነው ይቆም ወይ ያለችሽ።

ለምን እንደፈለገች ደግሞ አንቺው ጽፈሽልኛል፤ አልፈሽው ሄድሽ እንጂ። «እነሱ ግን ያወራሉ» ብለሻል።

የናንተን ቤት አላየሁትም። ያደግሁበትን ቤት ግን አውቀዋለሁ፤ ብዙም የሚለይ አይመስለኝም። ማስታወቂያ ሲገባ የናቴ ጀርባ ከወንበሩ ይላቀቃል። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ትነሣና ወደ ረከቦቱ ትጠጋለች። የጀበናውን ውታፍ ነቅላ፣ አንዲት ስኒ ላይ ጠብ አድርጋ ቀለሙን ታያለች። ከዚያ ትቀዳለች። ሲኒው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ወሬው ይጀመራል። «አየሻት ያቺን? እኔ ገና ስትገባ ነው ያወቅኋት።» «ኧረ እሷ ምን አጠፋች! እናቱ ናት እንጂ።» አንዷ ያመለጣትን ሌላዋ ትሞላላታለች። ነገ ምን እንደሚሆን ይገመታል፣ ይካካዳሉ። መሀል ላይ የጎረቤት ልጅ ሠርግ ይነሣል፣ የጤፍ ዋጋ ይነሣል፣ የሞተ ሰው ይነሣል። ድራማው ሲመለስ «እሽ! ጀመረ» ይባልና ሁሉም ወደ ቦታው።

አንቺ በዚያ ሰዓት ስልክሽን ታዪ ነበር። ይህን ስል ልወቅስሽ አይደለም። የደከመ ሰው ስልኩን ያያል። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ ያ ሰዓት ላንቺና ለእናትሽ አንድ አልነበረም። ላንቺ ባዶ ነበር። ለእሷ ግን ከቀኑ ሁሉ ሰው የሚያዋራት ሰዓት ነበር። አባትሽ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ከማን ጋር ነው የምታወራው? አንቺ ጊዜ የሚፈጅ ነገር ያነሣሽላት መስሎሽ ነው። ያነሣሽው ግን የወሬዋን ሰዓት ነው። ይህን እንዴት ልታውቂ ትችዪ ነበር? እሷም ራሷ የምታውቀው አይመስለኝም። የጎደላትን ስሙን አጥታው «አይቆምም እንዴ?» አለች።

እኛ አገር ጨዋታ ሲባል መሀሉ ላይ ለሰሚ ቦታ አለው። ይህን ለጎንደር ሰው መንገር አይገባኝም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ እያለ አንዱ ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ዘፈኑን ያቆምለታል። ሰውየው ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ጎንደር አጠገብ ባለችው የአዝማሪዎች መንደር፣ ቡርቧክስ፣ ያደጉት አዝማሪዎች ይህን የሚማሩት ከቤታቸው ነው። ተረትም ቢሆን እንደዚያው ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ከሌለ ተራቹ አይቀጥልም። የእናትሽ ጆሮ ያደገው በዚህ ነው። ዝም ተብሎ ለሦስት ሰዓት የሚሰማ ታሪክ አታውቅም። ቴሌቪዥን ራሱ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም፣ የእሷ እኩዮች አብዛኞቹ ያዩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ጎረቤት ቤት፣ በር ላይ ተደርድረው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ሥራ ሲጀምርና የውጭ ድራማ በአማርኛ አፉን ሲፈታ ብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ የሚሉት ድራማ አገኙ። ያን ጊዜም ግን ብቻቸውን አላዩትም። ቡናውና ጎረቤቱ አብሮ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ መምህርት ስለሆንሽ ደስ ይልሻል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሦስት የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሰዎችን በሁለት ከፍለው አንድ ዓይነት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አሳዩ። ለአንዱ ቡድን ከነማስታወቂያው፣ ለሌላው ያለ ማስታወቂያ። አስቀድሞ የተጠየቀ ሰው ያለ ማስታወቂያው እንደሚሻል ነው የሚናገረው። እንዳንቺ ማለት ነው፤ እንደኔም። ሲያዩት ግን ከነማስታወቂያው ያዩት ይበልጥ ወደዱት። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ለእኔ አሳማኝ ነው። ሰው ደስ የሚለውን ነገር ሳይቋረጥ ሲያገኘው ይለምደዋል፤ እየለመደው ሲሄድ ጣዕሙ ይቀንስበታል። ተቋርጦ ሲመለስ እንደገና ይጥመዋል። ሁሉም ፕሮግራም ላይ እንደዚያ አይሠራም፤ ከደቂቃ ደቂቃ የሚለዋወጥ ታሪክ ራሱ መልመድን ስለማይፈቅድ ማቋረጡ አይጠቅመውም ብለዋል። ቀስ እያለ በሚሄድ፣ በዓይን ለዓይን መተያየት ደቂቃ በሚፈጅ የቤተሰብ ድራማ ላይ ግን እናትሽ ሁለተኛው ክፍል ላይ ብታንቀላፋ አይገርመኝም።

ስለዚህ ውለታሽ አልተናቀም። የሰጠሻት ነገር ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ለማስታወቂያ ጠበቃ የቆምኩ እንዳይመስልሽ። ብሶትሽ እውነት ነው። ድምፁ የሚጮኸው በጆሮሽ ብቻ አይደለም። የማስታወቂያ ድምፅ ሲቀናበር ዝቅ ያለው ሁሉ ከፍ እንዲል ተደርጎ ስለሚታመቅ ከድራማው ይበልጥ ያደነቁራል። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚከለክል ሕግ እስከማውጣት የደረሱት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ድራማው የሚቆረጥበት ቦታም ያናድዳል፤ እሱም ምክንያት አለው። የቱርክ ድራማ አንዱ ክፍል በአገሩ ሲታይ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ወደ ሌላ አገር ሲሸጥ ተቆራርጦ አጭር ይሆናል። ደራሲው እረፍት ብሎ ያላሰበው ቦታ ላይ እረፍት ይገባል፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ሳሙና ይመጣል። የሳሙናው ነገር እንኳ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ ተከታታይ ድራማዎችን ወጪ ይሸፍኑ ከነበሩት ዋነኞቹ የሳሙና ፋብሪካዎች ነበሩ። «ሶፕ ኦፔራ» የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ዛሬም ቢሆን ተዋናዩና ተርጓሚው የሚከፈለው ከዚያው ከማስታወቂያው ነው። ፍላሽ ላይ የሚጫነው ለእነሱ ምንም አያስገባም፤ ይህንንም አንድ ቀን ብታስቢበት ጥሩ ነው።

ስለ ልጆቹ ብዙ አልልም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ በሕግ ስለተከለከለ ቢያንስ የቢራ ዘፈን በቃላቸው አልያዙም። ለሌላው ማስታወቂያ ደግሞ «እንዲህ አሳምረው የሚዘፍኑት እንድንገዛ ነው» ብለሽ ብትነግሪያቸው ይገባቸዋል። መምህርት ነሽ፤ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂበታለሽ።

አሁን ወደ እህትሽ ቃል ልምጣ። «መርሳት ጀምራ ይሆናል» ማለቷ አስፈርቶሽ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ብሆን ያስፈራኝ ነበር። ግን እስቲ አስቢው። ሦስት አራት ክፍል በአንድ ማታ፣ ቢያንስ ሃያ ሰው በስምና በመልክ፣ መሀል ላይ የሚጠየቅ ጎረቤት የለም። «ይቺ ማናት?» የማይል ማን ነው? ድሮም እኮ ትጠይቅ ነበር። የምትጠይቀው እታባን ስለነበረና የምትጠይቀውም በማስታወቂያ ሰዓት ስለነበረ አልሰማሻትም። እኔ የምጠይቅሽ ከድራማው ውጭ ስላለው ነው። መድኃኒት ካላት በሰዓቷ ትወስዳለች? ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ጠፍቷት ያውቃል? የነገረችሽን ነገር በዚያው ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ትነግርሻለች? ምድጃ ላይ የጣደችውን ትረሳለች? እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ሳትዘገዪ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወስደሽ አሳያት። ዓይኗንና ጆሮዋንም አብረሽ አስመርምሪላት፤ በሰባ ዓመት ይህ ለማንም ተገቢ ነው። ከድራማው ሌላ ምንም ካላየሽ ግን እርጅና እያላችሁ በቁሟ አታርጇት።

የጓደኛሽ ምክርም ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ዲሹ ቢመለስ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይመለሳል። የምፈራው አመላለሱን ነው። «ይኸው፣ ያንቺን ነገር አመጣሁልሽ» በሚል ፊት ከተመለሰ እናትሽ እያየችው የምታስታውሰው ያን ማታ የጮኽሽባትን ነው። ከዲሹ በፊት የሚቀድም ነገር አለ።

እሱም ያ ማታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ወደ ውጭ ወጥተው እናትሽ ምስር ወይ ስንዴ ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ በይ። አንድ እፍኝ ወስደሽ አንቺም ልቀሚ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይቀለዋል። ስለ ቴሌቪዥኑ አትጀምሪ፣ ስለ ብሩም አታንሺ። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምለው፦ «እማ፣ ያን ማታ የጮህኩብሽ ልክ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር። ለምን ይቁም እንዳልሽ እንኳ ሳልጠይቅሽ ተቆጣሁ።» ከዚያ ዝም በይ። እናቶቻችን «ይቅርታ» ሲባሉ «ኧረ ተይው፣ ምን ሆነ?» ብለው ሊያልፉት ይሞክራሉ። አትለፊው። «ግን ለምን ነበር እንዲቆም የፈለግሽው?» በያት። ምናልባት «እንዲያው ጉልበቴን አሞኝ ነው» ትልሽ ይሆናል። እሱም እውነት ነው፤ በየማስታወቂያው የምትነሣ ሴት ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትቀመጥ እግሯ ይታሰራል። ቆይታ ሌላውንም ትነግርሻለች። ባትነግርሽም መጠየቅሽን አትረሳውም።

ቀጥሎ እታባ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያላስተዋልሽው ይመስለኛል። እታባ የቀሩት ተቀይመው ነው ብለሽ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የጠፋባቸው ሰዓቱ ነው ባይ ነኝ። ድሮ ሦስት ሰዓት ነበር። ሰዓቱን የሚወስነው ጣቢያው ስለነበረ ማንም ለማንም ሳይነግር ሁሉም ያውቀዋል። እሳቸውም እራታቸውን አንሥተው፣ በራቸውን ቆልፈው፣ ሳይጠሩ ይመጡ ነበር። አሁን ድራማው የሚጀምረው አንቺ ስትገቢ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት። ሁለቴ መጥተው አልቆ አገኙት። በሦስተኛው ቀን ሰው ቤት «ጀመራችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለእሳቸው ዕድሜ ደስ አይልም። ቀሩ። ልጅ ልከሽ «ኑ ተብለዋል» አታስብያቸው። ራስሽ ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ትንሽ ቆሎም ቢሆን ለቡና ቁርስ ይዘሽ ግቢ። «እታባ፣ ሰዓቱን ያዛባሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ነው፤ አንቱ ሳይመጡ አይከፈትም» በያቸው። ከዚያ ደግሞ ቃልሽን ጠብቂ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹ «እንክፈት» ቢሉም አይከፈትም።

ቴሌቪዥኑን አትሽጪው፣ አታውርጂውም። ምስሉ ትልቅ ነው፤ ለእናትሽ ዓይን ደግ ነው። እኔ የምለውጠው አጠቃቀሙን ነው። በአንድ ማታ አንድ ክፍል፣ ቢበዛ ሁለት። መሀል ላይ ሁለት ጊዜ አቁሙት። ሁለት ያልኩት ቡናው ሦስት ስለሆነ ነው። አቦሉ ድራማው ሳይጀመር ይጠጣል፣ ቶናው በመጀመሪያው እረፍት፣ በረካው በሁለተኛው። የት ላይ እንደሚቆም እናትሽ ትወስን። ሪሞቱን ስጫትና የማቆሚያዋ ቁልፍ ላይ ትንሽ ቀይ ፕላስተር ለጥፊላት፤ ፊደል ማንበብ ሳያስፈልጋት በጣቷ ታገኛታለች። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ደራሲዎች እኮ ለማስታወቂያው ሲሉ ጽሑፋቸውን በክፍል በክፍል ከፍለው፣ ከእያንዳንዱ እረፍት በፊት ልብ የሚሰቅል ነገር ያስቀምጣሉ። ሰውየው በሩን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ፣ ደብዳቤው ተቀዶ ሳይነበብ። እናትሽም ይህን በሁለት ቀን ትችልበታለች። ልክ በሩ ሊከፈት ሲል አቁማ «ቡና!» ስትል እታባ እንዴት እንደሚቆጡ ይታየኛል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደምትሆኑ አስታውሺ እስቲ። ድራማው መሀል ላይ መብራት ሄዶ፣ ሻማ ተለኩሶ፣ ሁሉም የቀረውን የሚተርክበት ማታ የለም? «እንግዲህ እሱ ገብቶ ያገኛታል...» «ኧረ አያገኛትም!» እያሉ። የፈለግነው እንደዚያ ያለ ማታ ነው፤ መብራት ሳይጠፋ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ ለኔ አትመልሺው። አንቺ በዚያ ሰዓት የት ነሽ? ባልሽ መተማ ነው፣ ክፍል ውስጥ ስትጮሂ ትውያለሽ፣ ማታ ደብተር ይጠብቅሻል። ያ ቁጣ የመጣው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይመስለኝም። የተጠራቀመ ድካም ነው። ምናልባት ድራማውን አንቺ አትወጂውም ይሆናል። ከሆነ ከሦስት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ያንቺ ይሁን፤ እታባ አሉላት፣ አንቺ ገብተሽ ጋደም በይ። ከነሱ ጋር ለመቀመጥ ልብሽ ከፈለገ ግን ስልኩን ሌላ ክፍል ትተሽው ነይ። ማታ ማታ ሁሉ አልልም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

ይህን የምልሽ በአንዲት ነገር ምክንያት ነው። ያ የበቅሎው ታሪክ። እናትሽ ሙሽራ ሆና ከዳባት እያለቀሰች ስትሄድ። ላንቺ አልነገረችሽም፤ ለእታባ ስትነግር ነው የሰማሽው፣ ያውም ሁለት ማስታወቂያ መሀል። ድራማው ላይ የታየው ሠርግ አስታወሳት፣ እረፍቱ አፏን ከፈተላት፣ ድራማው ሲመለስ ደግሞ ወሬው ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ማን ጠየቃት? በቅሎዋን ማን ይስብ ነበር? ስንት ዓመቷ ነበር? ለምን ነበር የምታለቅሰው? አባትሽን ያን ዕለት ነው መጀመሪያ ያየቻቸው ወይስ ታውቃቸው ነበር? የዚያን ታሪክ ቀሪ ክፍል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በሚቀጥለው እረፍት ላይ፣ ሲኒውን ስትቀበያት፣ «እማ፣ ያ የበቅሎው ነገር እንዴት ነበር?» በያት። እታባ ካሉ የተረሳውን ይጨምሩላታል።

ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እታባ ቤት ሂጂ። ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ማን እንደመጣ ጻፊልኝ። በሩ ሊከፈት ሲል ማን እንዳቆመችውም ንገሪኝ።